ኤልናታንን ያጫወቱት አባት፣ አቶ ረታ ባልቻ

ከናይሮቢ ሰፈሮች፣ ከሁርሊንግሃምም ከካሳራኒም፣ ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖች፣ እኔ የባለቤታቸው ወንድም ገብሬ፣ ዛሬ ወደ አፈር የምንመልሳቸውን የአቶ ረታን ሕይወት በአጭሩ አነብላችኋለሁ።

አቶ ረታ ከአባታቸው ከአቶ ባልቻ ሚደቅሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች ጫላ በ1951 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። በዚያው ከተማ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት ሲያገለግሉ ቆይተው፣ በ1984 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ በመምጣት ሁርሊንግሃም በሚገኝ የሐበሻ ምግብ ቤት ሥራ ጀመሩ፤ በትጋታቸውም የአስተናጋጆች አለቃ ለመሆን በቁ። ከረባት ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ፣ ቀልድ የማይሆንላቸው፣ ሲስቁ ጥርሳቸውን ያየ ሰው እምብዛም የማይገኝ ኮስታራ ስለነበሩ፣ እህቴ ብሩክታዊት በ1993 ዓ.ም. ስታገባቸው እኔ ራሴ እንዴት ልትችያቸው ነው ብያት ነበር።

ልጅ ሳያዩ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ኤልናታን ተወለደላቸው። ብዙም ሳይቆይ ኩላሊታቸው ታሞ ሥራቸውን ለመተው ስለተገደዱ፣ እህቴ ጠዋት በማታቱ ሚኒባስ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ሕፃኑን ይዘው ቤት የሚውሉት እሳቸው ሆኑ። ያ ኮስታራ ሰው ከረባታቸውን እንዳሰሩ ምንጣፍ ላይ ይድሁ፣ ብርቱካን ያንከባልሉለት፣ እሽኮኮ አድርገው ሳሎኑን ያዞሩት ጀመር። ልጁ በሚያየው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ጣሳ ውስጥ ሽንብራ ጨምረው ከጀርባው ሲያንኳኩለት ግን ዞር አይልም። ጎረቤቱ ሁሉ ገና ሕፃን ነው፣ አይዞዎት ቢላቸውም ልባቸው አላረፈም።

አንድ ቀን ሕፃኑን በአንድ እጃቸው ደግፈው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ በሌላው እጃቸው ከኋላው በድስት ክዳን ጠረጴዛውን ሲመቱ ልጁ ዞረ። ደግመው መቱ፤ ደግሞ ዞረ። ያን ዕለት ልጄ ሰማኝ እያሉ ስልክ ያልደወሉለት ሰው የለም፤ ብዙዎቻችሁም ቤታቸው ድረስ መጥታችሁ አብራችሁን ተደስታችኋል። ይሁን እንጂ በሳምንቱ የታየበት ሆስፒታል ሐኪም ጠረጴዛ ሳይነኩ ከኋላው ደወል ቢደውሉ ልጁ አልተነቃነቀም። የዞረው የጠረጴዛው ንዝረት በሰውነቱ ስለተሰማው እንጂ፣ ጆሮው ፈጽሞ እንደማይሰማና በሕክምናም ሊደረግለት የሚችል ነገር እንደሌለ ሐኪሙ አስረዱ።

ከዚያም በኋላ አቶ ረታ ጨዋታውን አልተዉም። ሆዱ ላይ አፋቸውን ገጥመው ቡርር ሲያደርጉበት ሕፃኑ በሳቅ ይንፈራፈር ነበር። እሳቸው ግን ከዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙን ሲጠሩት አንዴ ዞር እንዲልላቸው። የኩላሊት እጥበት ላይ ሆነውም፣ ድምፃቸው እስኪሰልል ድረስ፣ እህቴ ይዛው በመጣች ቁጥር ኤልናታን እያሉ ይጣሩ ነበር። አልዞረም። እዚህ ላይ የሚያጽናና ነገር ብጨምር በወደድኩ፤ ግን የለኝም። በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በያዝነው በኅዳር ወር 2000 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

አቶ ረታ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብሩክታዊትን፣ አሰላ የሚገኙ እናታቸውን ወይዘሮ ታየችን እና ገና ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጃቸውን ኤልናታንን ትተው ሄደዋል። ያነበብኩትን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ እናቱ ጭን ላይ ያለው ኤልናታን ብቻ አልሰማም። ፊታችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ ስታለቅሱ ጨዋታ መስሎት፣ እስክትገልጡት እየጠበቀ ይስቃል።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ይማርልን፤ ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ያሳርፍልን። ለዚህ ልጅ አባቱ መሞቱን እንዴት እንደምንነግረው የሚያውቅ ካለ፣ ከቀብሩ በኋላ ቀረብ ብሎ ይንገረን።