ግዴታዋ ከየት መጣች?

ጅቡቲ መጀመሪያ የመጣሁት ለቤት ሠራተኝነት ነው፤ ሄሮን የሚባል ሰፈር ፈረንሳዮች ቤት ስሠራ ቋንቋቸውን እዚያው ለቃቀምኩ። አሁን ወደቡ አጠገብ አንድ መጋዘን ውስጥ የስንዴ ጆንያ አፍ በማሽን እሰፋለሁ። በቀደም ሐሙስ ልንወጣ ስንል አለቃችን ሰበሰበን። እሱ በፈረንሳይኛ ያወራል፤ ለእኛ ለሐበሾቹ ጋሽ በላቸው ያስተረጉሙልናል። "ነገ ኦቨርታይም አለ፤ ቮሎንቴር" አለ። የፈለገ ይግባ ማለቱ ነው፤ አርብ እረፍታችን ነዋ! ጋሽ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ነገ ሁላችሁም ትገባላችሁ፤ የውዴታ ግዴታ ነው" አሉን።

ደሜ ፈላ። "ጋሽ በላቸው፣ ሰውየው ውዴታ ብቻ ነው ያለው። ግዴታዋን ከየት አመጧት?" አልኳቸው። "ያው ነው ልጄ፣ ዝም በይ" ብለው በዓይናቸው ለመኑኝ። ዝም ልል ነው እንዴ! ወደ አለቃው ዞሬ "ሙስዩ፣ ቮሎንቴር ነው አይደል?" አልኩት በፈረንሳይኛ። "ዊ፣ ቮሎንቴር" አለ ፈገግ ብሎ። "እንግዲያው እኔ አልገባም።" ፈገግታው ድርግም አለ። "ነገ ያልገባ ቅዳሜም እንዳይመጣ!" ብሎ ጮኸ። ለካ ጋሽ በላቸው አልተሳሳቱም፤ የተረጎሙልን አፉን ሳይሆን ሆዱን ነው።

አርብ ከቤቴ ንቅንቅ አላልኩም። ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ አለቃው ራሱ የመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "ትናንት የት ነበርሽ?" አለኝ። "ቮሎንቴር ተኝቼ ነበር" አልኩትና አልፌው ገብቼ ማሽኔን አስነሳሁ።