በሬ አጥቦ ወንድምን መርሳት

የበሬዎች በዓል በሆነው በፖላ ጠዋት ወንዝ ስወርድ ጋሼ ቢካጂን እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በሬ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። በዚህ ቀን በሬ አይጠመድም። ታጥቦ፣ ቀንዱ ቀለም ተቀብቶ፣ ጣፋጭ ቂጣ በልቶ ይውልና ከሰዓት በኋላ መንደሩ ሁሉ የየራሱን ይዞ አደባባይ ይሰለፋል። የገረመኝ ጋሼ ቢካጂ ያላቸው ሁለት በሬ ሆኖ ሳለ የሚያጥቡት አራት መሆኑ ነው።

«የፑንዳሊክ ናቸው?» አልኳቸው። ፑንዳሊክ ታናሽ ወንድማቸው ነው።

«አዎ መምህር፣ እሱን ትንሽ አሞት ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

«ትንሽ ነው እንዴ!» አለ ከኋላዬ የመጣ ድምፅ። የእህታቸው ልጅ ኡጅዋላ ናት። ነርስነት ተምራ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ለበዓሉ የመጣች፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ። «ጥጡን ትል ከበላበት ወዲህ አይተኛም፣ አይበላም። አበዳሪው ሲመጣ ጎተራ ይደበቃል። ትናንት ደግሞ ሰዓቱን አውልቆ ለጎረቤት ሰጠ። እርስዎ በሬውን ያጥባሉ!»

«ታዲያ በሬው ከሰልፍ ይቅር? መንደርተኛው ‹ፑንዳሊክ አበደ› ሲል ልጁን ማን ያገባታል?»

«አባቷ ሲሞትባትስ ማን ያገባታል?»

ሽማግሌው የሚያጥቡበትን ጣሳ ወረወሩት። «አንቺ ልጅ፣ በበዓል ቀን አታሟርቺብኝ!»

የእኛ ሰው ነገር ያናድደኛል። በሬው ሲያነክስ ሐኪም ፍለጋ ይሮጣል። ሰው ከስቶ፣ ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ ግን «ሥራ ቢሠራ ይለቀው ነበር» እያለ ያልፈዋል።

«አይቆጡ አጎቴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የተባይ መድኃኒቱን የት ነው የሚያስቀምጠው?»

«አልጋው ሥር ነዋ! በዱቤ የተገዛ ነገር ሜዳ ላይ ይጣላል? ሌባው መች ጠፋ።»

«ሌባ ፈርተን መርዙን እሱው እጅ ላይ አስቀመጥነው በሉኛ።»

ጋሼ ቢካጂ ይህን አስበውት አያውቁም ነበር። መንደሩ ሁሉ የሚያደርገው እንዲሁ ነው፤ እኔም ቤት እንዲሁ ነበር።

«ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«መድኃኒቱን አሁኑኑ እርስዎ ቤት ወስደው ይቆልፉበት። ከዚያ ‹ራስህን ልትገድል አስበሃል ወይ?› ብለው በግልጽ ይጠይቁት።»

«ይህ ይጠየቃል? ያላሰበውን ላሳስበው?»

«ያላሰበ ሰው ‹አላሰብኩም› ይላል። ያሰበ ደግሞ የሚነግረው ሰው ያገኛል። ስለተጠየቀ የሞተ አላየሁም። ማንም ሳይጠይቃቸው የሞቱትን ግን ጤና ጣቢያ በጋሪ ሲያመጧቸው ተቀብያለሁ። ከጠየቁት በኋላ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።»

«ዕዳውንስ ያንቺ ሐኪም ይከፍልለታል?»

«አይከፍልም። ግን ታክሞ እንቅልፍ ያገኘ ሰው ካበዳሪው ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። ቢሞት ደግሞ ሬሳው ሲቃጠል ዕዳው አብሮት አይቃጠልም። ለሚስቱ ነው የሚተርፋት።»

ሽማግሌው ከውሃው ወጡ። በሬዎቹን እዚያው አስረን ሦስታችንም ወደ ፑንዳሊክ ቤት ሄድን።

ፑንዳሊክ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ቢካጂ አጠገቡ ቁጭ አሉና እጁን ያዙት። በሕይወታቸው እንደዚያ ሲንተባተቡ ሰምቻቸው አላውቅም። «ወንድሜ... መሞት አስበሃል እንዴ?»

ፑንዳሊክ ቀና ሳይል፣ «ዛሬ» አለ። «ሁላችሁም ሰልፍ ስትወጡ።»

ታላቅየው አቅፈውት እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ እሱም አለቀሰ። ኡጅዋላ መድኃኒቱን ከአልጋው ሥር አውጥታ አቀበለችኝና ጋሼ ቢካጂ ቤት ወስጄ ቆለፍኩበት። ከሰዓት በኋላ መንደሩ በከበሮ ሲደምቅ ወንድማማቾቹ ሆስፒታል ወረፋ ይዘው ነበር።

የመጣውን ለውጥ ልንገራችሁ። ፑንዳሊክ በሕክምና እንቅልፉ ተመለሰ፣ ምግብም መብላት ጀመረ። ጋሼ ቢካጂ አብረውት ሄደው አበዳሪውን ጊዜ አስጨመሩት። ዕዳው አሁንም አለ፤ አላለቀም። የመንደሩ መርዝ ግን ዛሬ በየመኝታ ቤቱ አያድርም፤ በአንድ ግምብ ክፍል ተቆልፎ፣ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ነው። ሰውም «አእምሮዬን አሞኛል» ብሎ በቀን ሐኪም ቤት መሄድ ለምዷል።

ጋሼ ቢካጂማ ደጁን የዘጋ ሰው ካዩ ገብተው መጠየቅ ሥራቸው ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ ትክዝ ብዬ አይተውኝ ኖሮ እኔንም ያንኑ ጠየቁኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ጥርሴን አሞኝ ነው!» ብዬ ሳቅኩባቸው። ቤቴ ስገባ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በመኖሩ ደስ አለኝ።