የውስጠኛው ማሽን

ከአኖ ወደ ነቀምቴ በላንድሮቨር ስንመለስ፣ ከፊቴ ሁለት የመሥሪያ ቤት ታይፒስቶች ተቀምጠው ያወሩ ነበር። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው ብዬ ልጆቼን እቆጣለሁ፤ እኔ ግን አዳመጥኩ።

«አዴ ሌንሴ፣ በመሥሪያ ቤታችን አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ብርቄን ሊመድቡ ነው አሉ» አለች ታናሽየዋ።

«ሰምቻለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ታይፕ የመታሁት እኔ፣ የምትቀመጥበት እሷ።»

«ቤቷ ተለማምዳ ነዋ። ወንድሟ ከምሥራቅ ጀርመን ያመጣላት ትንሽ ኮምፒዩተር አላት።»

«የእሷ እኮ ሌላ ዓይነት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ወንድሟ አንድ ፕሮግራም ጭኖላታል። እሱን ስትከፍት፣ በትንሹ ማሽን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የመሰለ ሌላ ማሽን ይነሳል። በእጅ አይዳሰስም እንጂ ሥራው ያው ነው።»

«እኔ አንድ እንኳ የለኝም፣ እሷ በአንዱ ውስጥ ሁለተኛ ጨመረች።»

«ነይ ተለማመጂ ብላሽ የለ?»

«ሄጄ ላበላሽባት?»

«ብታበላሺም የውስጠኛውን ነው። ዘግታ እንደገና ታስነሳዋለች፤ የውጭኛው ምንም አይሆንም።»



«እኔን የሚያስቀናኝ ይኸው ነው» አለች ሌንሴ። « እሷ የፈለገችውን ያህል እየተሳሳተች ተማረች። እኔ አንድ ፊደል በሳትኩ ቁጥር ጓድ ኃላፊው ፊት ቆሜ ነው የተማርኩት።»

ጠዋት ከቤት ሳልወጣ አንዲት ቃል ብትስት ደብተሯን የቀደድኩባትን ልጄን እያሰብኩ፣ ነቀምቴ እስክንገባ አንገቴን ደፍቼ ተጓዝኩ።