ፊት የሚያውቅ ስልክ

ግቢ፣ ግቢ እህት ዓለም። ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ዝናቡ መንገድ ላይ አላገኘሽም? ተመስገን። እዚህ ከእኔ ጎን ተቀመጪ። ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የኔን አትጠይቂኝ፤ ደረጃውን እየቆጠርኩ ነው የምወጣው። ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ? በአንድ ካውያ ጀምሮ ሦስት የልብስ መተኮሻ ቤት የከፈተ ሰው መቁጠር ካላወቀ የከፈተው ሁሉ ይዘጋል።

እህቴን አሁን ገና ሸለብ አድርጓታል። እግሯ ያው በጀሶ ነው። ስትነቃ አንቺን በማየቷ ደስ ይላታል፤ ከመተኮሻ ክፍሉ ጓደኞቿ የቀረሽላት አንቺ ብቻ ነሽ።

ምነው ወደ መስኮቱ አየሽ? አዎ፣ ልጇ ነው። አዲሱን ስልክ ቻርጅ እያደረገ ነው፤ አንረብሸው። ገመዷ አጭር ስለሆነች ከግድግዳው መራቅ አይችልም... እኛ የራሳችንን ወግ እናውጋ። ስለ ማንም አይደለም የማወራሽ። ስለ ስልክ ነው።

ስልክ መቼም ደግ ነገር ነው። እኔና አንቺ በየዓመቱ ስንጨማደድ እሱ በየዓመቱ ይለሰልሳል። ካቻምና ጠርዙ ክብ ነበር። አምና ሹሉ መጣና ክቡ አሳፋሪ ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ ክቡ ተመልሶ መጥቷል፤ ሹል የያዘ ሰው አሁን የት ይገባል? ተበላሽቶ የሚቀየር እንዳይመስልሽ! የተበላሸ ነገር የምንቀይረው እኛ ኋላ ቀሮቹ ነን። የሠለጠነ ሰው የሚቀይረው የሚሠራውን ነው።

ለምን አልሽኝ? እኔም ጠይቄ ነበር። ቢሮ ውስጥ ሻይ ሲጠጡ ሁሉም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ይደፋዋል አሉ፤ የጀርባ ዓይኖቹ እንዲታዩ። አንዱ ባለ ሦስት ዓይን ይዞ ከመጣ ባለ ሁለት ዓይኑ ሰውዬ ሻዩ ይመረዋል፤ ስኳር አይረዳውም። ከማን አንሼ! አየሽ፣ የሌላው ሁሉ ባትሪ ያልቃል፤ የከማን አንሼ ባትሪ ግን አያልቅም። እዚያ ያለውን መሳቢያ ከፍቼ የቻርጀር ገመድ ቆጥሬ ነበር። ዘጠኝ። አንዱ ለሌላው አይሆንም፤ ልክ እንደ አንዳንድ ዘመዶች።

ደግነቱን ግን አልክድም። በዚህ ቤት ዕቃ አይጣልም፣ ይወርዳል። አዲሱ ሲመጣ ያለፈው ለእናት ይወርዳል። ድሮ የእናት ቀሚስ ይቆረጥና ለልጅ ሱሪ ይሆን ነበር፤ እህቴ ያን አረንጓዴ ቀሚሷን ስትቀድ አጠገቧ ነበርሽ አይደል? አሁን እናት ናት የልጅ ልባሽ የምትይዘው። ዘመኑ ተሻሽሏል እንግዲህ።

ያቺን ባለ ቁልፍ ስልኳን ታስታውሻታለሽ? በላስቲክ ታስራ ከጉያዋ የማትለያትን? ቁጥሮቹ ተፍቀው አልቀው ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍናም ታውቃቸዋለች። ሁለት ቁጥርን ጫን አድርጋ ስትይዝ ልጅ ጋ ይጮሃል፣ «አቤት እማዬ» ይላል። በቃ፣ ከዚህ ሌላ ቴክኖሎጂ ፈልጋ አታውቅም። ታዲያ አንድ ቀን የቢሮ እንግዶች መጡ፤ እሷ ሞኟ ያቺን ከጉያዋ አወጣች። ላስቲኩ ታየ። ለመሆኑ ሰው በላስቲክ ይዋረዳል? ይዋረዳል እንጂ! እናት በካውያ ቃጠሎ ጠባሳ አታሳፍርም፣ በላስቲክ ግን... በማግስቱ የቤቱ ክብር ተመለሰ። ባለ ላስቲኳ ለጎረቤት ሕፃን መጫወቻ ሄደች፤ ያለፈው ዓመት መስታወት ለእናት ወረደ።

እስቲ ጣትሽን አሳዪኝ። እንዲህ፣ ወደ ብርሃኑ። አየሽ? ልክ እንደሷ ልሙጥ ነው። ካውያው ላይ ስታስነኩት፣ በእንፋሎት ስትቀቅሉት ኖራችሁ፣ አሻራ የሚባል ነገር አልተረፈላችሁም። ሌባ ብትሆኑ ኖሮ ማንም አይዛችሁም ነበር እኮ! ምነው ያኔ ብትሰርቁ... ብቻ የስልኩን አሻራ ለማስለመድ ጣቷን ደጋግሞ አስነካት። ስልኩ «ጣትዎን ያስቀምጡ» ይላል። አስቀምጣለች እኮ! የአንድ ልጅ ትምህርት ሙሉ በሙሉ የተከፈለው በዚያው ጣት ነው። ግን ስልኩ በምን ይወቅ? ትምህርት ቤት የገባው እሱ አይደለም።

የተማረ ሰው ግን መላ አያጣም። «ለጊዜው በኔ ፊት ይከፈት» ተባለና የእናት ስልክ በልጅ ፊት እንዲከፈት ሆነ። እስቲ ንገሪኝ፣ ፊቱን ለእናቱ የሰጠ ልጅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ፊት መስጠት እንዲህ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ታዲያ ቤቱ ጭር አለ። አዲሱ ስልክ የሚሸጥበት ቀን ነበር፤ ሰልፍ አለው። እሷ ልብስ ልታወርድ በርጩማ ላይ ወጣች። ያንን በርጩማ ታውቂዋለሽ፣ አንድ እግሩ አጭር ነው። በርጩማ ደግሞ ዘንድሮ አዲስ አልወጣለትም... ወደቀች። ስልኩ እጇ ውስጥ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ይላሉ፤ የእሷ ላም እጇ ውስጥ ነበረች፣ ወተቷን ነው ያላየችው። ሁለት ቁጥርን ፈለገች፤ መስታወት ላይ ሁለትን በዳበሳ ማን ያገኛል? ወደ ፊቷ አስጠጋችው፤ «ፊትዎ አልታወቀም» አላት። አልዋሸም። ያን ፊት ዘጠኝ ወር ተሸክማ አወጣችው እንጂ የራሷ አይደለማ። ሦስት ዓይን ከኋላ፣ አንድ ዓይን ከፊት፤ ባለ አራት ዓይን ይዛ ወለል ላይ ስትውል የሚያያት አጣች።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ይሄን እኔም አላውቅም ነበር፣ ጠይቄ ነው የደረስኩበት። ቢደወልላት ኖሮ ስልኩ ያለ ማንም ፊት ይነሳ ነበር። አንድ ጊዜ «እማዬ፣ ዋልሽ?» የሚል ቢገኝ... እሱማ እንዴት ይሆናል? ሰልፍ ላይ ባትሪ ይቆጠባል። የሰልፉን ፎቶ ማን ሊያነሳ ነው?

ሲመሽ በሩ ተከፈተ። ካርቶን በብብት ይዞ የገባ ሰው አያት፤ ሮጠ። ሰውን አልበድልም፣ ሮጧል። መጀመሪያ ግን ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖረ፤ አዲስ ዕቃ አይወረወርማ። ከዚያ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ወለሉ ላይ የተጋደመው ስልክ ፊቱን አይቶ ቦግ አለ። ተከፈተ! ቀኑን ሙሉ እምቢ ያላት ስልክ ጌታውን ሲያይ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ታማኝ ከየት ይገኛል? ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይሉ ነበር የኛዎቹ። ተረቱም አርጅቷል፤ አሁን ሲያዩት ያማረው ነው ሲጠሩት አቤት የማይለው... ስልኩን ነው ያልኩሽ። ሌላ ምን አለ?

ሐኪሙ ጀሶውን ሲያስር ከባለ ካርቶኑ ምን ተሰማ መሰለሽ? «ጥፋቱ የስልኩ ነው፤ ያለፈው ዓመት ስለሆነ ነው።» እግዜር ያሳይሽ! አዲሱ ሰው ሲወድቅ በራሱ ያውቃል፣ በራሱ ይደውላል አሉ። እሰይ! ታዲያ ለሷ ሊሰጣት ነው? ይሰጣታል እንጂ፣ ለምን አይሰጣትም... የሚቀጥለው ሲወጣ። እስከዚያ አለመውደቅ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉን አድገን የለ? እንቁላሉስ ሄደ፣ ዶሮዋ ናት ወለል ላይ የቀረችው።

እኔ እንግዲህ ኋላ ቀር ነኝ። ጎረቤት ሄድኩና ሕፃኑን በከረሜላ አባበልኩት፤ ባለ ላስቲኳን መለሰልኝ። ዜሮዋን ነክሶ አበላሽቷታል፤ ዜሮ ደግሞ በዚህ ቤት ሞልቷል። ከዘጠኙ ገመድ አንዱም አልሆናት ሲል ከሱቄ መሳቢያ አምጥቼ ሰካሁላት። በራች። አሁን እህቴ ትራስ ሥር ናት።

አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ፤ እኔም በእርጅናዬ ትንሽ ልሻሻል ብዬ። ሁለት ቁጥር ስትጫን አሁን የሚጮኸው የኔ ኪስ ነው። ሸክም ላቅልል ብዬ እኮ ነው! ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ኪስ ውስጥ ስልክ ሲጮህ ደስ አይልም። ትናንት ብቻዋን ሳለች ተጫነችው። «አቤት» አልኳት። «ልጄ መስሎኝ» አለች... ለካ ሳልነግራት ነው የቀየርኩት። ምን ልበላት? «ልጅሽ ተሻሽሏል» አልኳት።

ሻይሽ በረደ እኮ፣ ጠጪ እንጂ። እኔ ለማንም ክፉ አልመኝም፤ ታውቂኛለሽ። ይልቅ ሽማግሌ ከመጣ አይቀር ይመርቅ። እጅሽን ዘርጊ፤ እዚያ መስኮቱ ጋ ያለውም ጆሮው ባዶ ከሆነ ይስማ።

አምላክ ልጅ ይስጠው። ንቁ ልጅ፣ ከማንም የማያንስ፣ ዘመኑን የሚቀድም፣ ቁርጥ አባቱን የሚመስል። ዕድሜም ይስጠው፤ ጸጉሩ እስኪሸብት፣ የጣቱ አሻራ እስኪጠፋ። ያን ጊዜ ያ ልጁ፣ እሱ ለእናቱ የሆነላትን ሁሉ፣ አንዲት ሳያጎድል ይሁንለት።

አሜን በይ እንጂ፣ እህት ዓለም... ምርቃት እኮ ነው።