ለውርጭ የተዳፈነው እሳት

ከመናገሻ ወደ ቡራዩ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ያወራሉ።

«ኦቦ፣ ዛሬም ሌሊት ውርጭ ይኖራል ብሏል ሬዲዮው።»

«ኤዬ፣ ሰምቻለሁ ልጄ። ትናንትም ማሳው ዳር እበትና እርጥብ ገለባ ሳጨስ አድሬ ነው ድንቹን ያተረፍኩት።»

«ደጅ እሳት አታንድዱ ብሏል እኮ። ቀን ቀን ነፋሱ በርትቷል።»

«ሌሊት ምን ነፋስ አለ?»

«ታዲያ አጥፍተውት ወጡ?»

«ለማታ እንዲሆነኝ አመድ አልብሼ ዳፈንኩት።»

«ባህር ዛፉስ ይርቃል?»

«አጥር ነው የሚለየን።»

«ቤት ሰው አለ?»

«ሁሉም ለቅሶ ሄዷል።»

ሴትየዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

«ወራጅ!» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ ገና ገፈርሳ እኮ ነን» አለ ሹፌሩ።

«አውቃለሁ፣ አቁምልኝ!»

እኔ አንገቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ የገፈርሳ ባህር ዛፎች ወዴት እንደሚያጎነብሱ እያየሁ ነበር።