ስንተኛ ወጣህ?

ሙሴ አንሰልም ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም ባቡር መቀበል አልተዉም። ድሮ የኦሪያክ ከተማ ባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ። ዛሬ ትኬቱን የሚሸጠው ማሽን ነው፤ ሹም የሚባልም የለም። እሳቸው ግን የአሥር ሰዓቱ ባቡር ከክሌርሞን ሲገባ አግዳሚው ወንበር ላይ ካልተገኙ ቀኑ ያለፈ አይመስላቸውም። የሚቀበሉት ሰው የላቸውም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በቤታቸው የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ የልጅ ልጃቸው አፖሊን ለምሳ ስትመጣ ቤቱ ቤት ይመስላል። እሷም ያለፉትን ሁለት እሁዶች ቀርታለች።

ለምን እንደቀረች ያውቃሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ሙሴ አንሰልም ደግሞ ወለምታውን ወለምታ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው አልነበሩም።

ያን ቀን ከባቡሩ የወረደው የጎረቤታቸው ልጅ ማክሳንስ ነበር፤ ክሌርሞን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የሚሠራ ረጋ ያለ ወጣት።

«እንደምን ዋሉ ሙሴ አንሰልም? አፖሊን ሊዮን ልትሄድ ነው አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎት!»

«ማነው ያለው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ካፌው ውስጥ ለሁሉም ነግረዋል።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ተቀመጥ እስቲ። ሊዮን ያለ የመሰናዶ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። እዚያ ሁለት ዓመት አጥንታ የመግቢያውን ውድድር ብታልፍ ከታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች አንዱ ገብታ እንደ አጎቷ፣ እንደ ልጄ እንደ ዩቤር፣ ኢንጂነር ትሆናለች። እሷ ግን እዚሁ ኦሪያክ፣ ዩኒቨርሲቲው ሥር ያለውን የቴክኖሎጂ ተቋም ካልገባሁ ትላለች። ወተት እንዴት አይብ እንደሚሆን ልትመራመር! እስከ ነገ ማታ አንዱን ካልመረጠች ሁለቱንም ታጣለች።»

«ታዲያ ምን አሏት?»

«እውነቱን ነዋ! ዩኒቨርሲቲ ሌላ ቦታ ያጣ የሚጠጋበት ነው አልኳት።»

«እኔም ተጠግቼ ነው የምኖረው በሉኛ!»

«አንተን መቼ አልኩህ?»

«ብለውኛል፤ ግን አልቀየምም» አለ ማክሳንስ። «ባለፈው የብርድ ወራት ልብዎን ያከሙት ሐኪም የት የተማሩ ይመስልዎታል?»

«የት ነው የተማሩት?»

«ዩኒቨርሲቲ። ሕክምናም፣ ሕግም ያለው እዚያ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተናውን፣ ባካሎሬያን፣ ላለፈ ሁሉ በሩ ሰፋ ይላል፤ አልዋሽዎትም፣ የመጀመሪያው ዓመት አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ራሱን የማይመራ ልጅ እዚያ ይጠፋል። የአፖሊን ተቋም ግን እንደዚያ አይደለም። መርጦ ነው የሚቀበለው። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል፣ ከትምህርቱ ጋር ፋብሪካ ገብተው ይሠራሉ። ሦስት ዓመት ነው።»

«ሦስት ዓመት ደክማ አይብ ሻጭ!»

«ከፈለገች ከዚያ ተወዳድራ ኢንጂነር ትምህርት ቤት ትገባለች። በመሰናዶ ብቻ ነው የሚገባው ያለዎት ማነው? ካልፈለገች ሥራ ትይዛለች። ቶሎ ሙያ ለሚፈልግ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ሊሴዎቹ ራሳቸው የሁለት ዓመት የሙያ ትምህርት ይሰጣሉ። በሩ ብዙ ነው፤ ጥያቄው ለልጁ የትኛው ይስማማዋል የሚለው ነው።»

ሙሴ አንሰልም በአገጫቸው ወደ ሐዲዱ ጠቆሙ። «መገናኛው ጣቢያ ኑሳርግ ላይ ባቡር እንደ መቀየር ነው በለኛ።»

«እንዲያ ነው።»

«ባቡር የቀየረ ግን ይዘገያል። ዩቤርን እይ! አንዴ ተሳፈረ፣ ፓሪስ ወረደ።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንደ ዩቤር ላለ ልጅ ነው። ስሙ ካፌው ውስጥ በየቀኑ ይነሳል፤ እግሩ ግን ይህን ጣቢያ ከረገጠ ቆይቷል። ማክሳንስ ይህን ሊናገር አስቦ ተወውና ሌላ ነገር ተናገረ።

«እኔ ቀይሬያለሁ፣ ሙሴ አንሰልም። መሰናዶ ነበርኩ። ሁለቱን ዓመት ጨርሼ ውድድሩ አልቀናኝም። ዩኒቨርሲቲው ያን ቆጥሮልኝ ሦስተኛ ዓመት አስገባኝ፤ የወደድኩትን ትምህርት ያገኘሁት ያኔ ነው።»

«መሰናዶ? ለሰው እንኳ ሳትነግር?»

«ለማን ልንገር? ከባቡር በወረድኩ ቁጥር እዚችው ወንበር ላይ ሆነው ‹ስንተኛ ወጣህ?› ይሉኛል። እንደምን ነህ ያሉኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። የወደቅኩ ዓመት ባቡሩን ትቼ በአውቶቡስ እየመጣሁ በጓሮ እገባ ነበር።»

ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም። ሻንጣውን አንስቶ እጃቸውን ጨብጦ ሄደ። እሳቸው ባቡሩ ከሄደ በኋላም ባዶው ጣቢያ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ቀሩ። ለዩቤር ስልክ ሲደውሉ የሚሉትን አስታወሱ። ተማሪ እያለ ስንተኛ ወጣህ፣ ሥራ ከያዘ በኋላ ሹመቱ እንዴት ሆነ። ልጁ የሚደውለው የሚነግራቸው ድል ሲኖረው ብቻ ነበር። ድል ደግሞ በየሳምንቱ አይገኝም። ይህን ሁሉ ዓመት የልጃቸውን ዝምታ የፓሪስ ጥፋት አድርገውት ኖረዋል።

ቤታቸው እንደገቡ ሬዲዮውን ሳይከፍቱ ለአፖሊን ደወሉ።

«ያልኩሽን መልሼ ውጫለሁ» አሏት። «ኦሪያክን ያዢ። የሚያውቁሽ መምህራን ይኖሩሻል፣ እጅሽም አእምሮሽም ይሠራል፤ በኋላ ኢንጂነርነት ቢያምርሽ በሩ አይዘጋም። ስም ፍለጋ ብለሽ የማትወጂውን ከምትሸከሚ የምትወጂውን ተምረሽ ሰው ብትጠቅሚ ይሻላል። ይህን ለመማር ሰማንያ ዓመት ፈጀብኝ፤ እኔን ማንም መሰናዶ አይቀበለኝም።»

አፖሊን ሳቀች፤ ከዚያም አለቀሰች። «እሁድ ምን ትሠራለህ አያቴ?»

«ድንች በአይብ። አይቡን አንቺ ታስረጂኛለሽ።»

ስልኩን ከዘጉ በኋላ አንድ ቁጥር ቀረ። እሱንም ደወሉ።

«አባዬ? ምን ሆንክ?» አለ ዩቤር ደንግጦ።

«ምንም አልሆንኩም። እንደምን ነህ? ምግብ በልተሃል ወይ ልልህ ነው።»

ሙሴ አንሰልም ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

«አልበላሁም» አለ ልጁ። «ብቻዬን ስሆን ብዙ አልበላም።» ከዚያም ጠየቀ። «አባዬ፣ ባቡሩ አሁንም አሥር ሰዓት ነው የሚገባው?»

«አሥር ሰዓት ነው ልጄ» አሉ። «እኔም እዚያው ነኝ።»