ለጠመንጃዬ የመረጥኩት ቦርሳ

እስቲ ፍረዱኝ። የዒላማ ተኩስ ስፖርተኛ ነኝ። ክለባችን የጠመንጃ ቦርሳ ሊገዛ «አንቺው ምረጪ» ሲለኝ፣ የጠመንጃዬን ርዝመት በሲባጎ ለክቼ የሀዋሳን ሱቆች ሳካልል ዋልኩ። ውስጡ ስፖንጅ ያለው፣ ለጥይትም ለጆሮ መሸፈኛም ኪስ ያለው አገኘሁ። ለውድድር የምንጓዝ ዕለት ግን ቦርሳው ጢም ብሎ ሞልቶ በኃላፊያችን እጅ ነው። «ጋሼ፣ ጠመንጃዬስ?» ስላቸው፣ «በብርድ ልብስ ጠቅልይው!» አሉኝ። ምን ላድርግ? ጠቀለልኩት። መኪናው ጣራ ላይ ሲንገጫገጭ ሄዶ ማነጣጠሪያው ተጣመመ፤ ስተኩስ አንዱም ዒላማውን አልነካ።

በመዝጊያው ዕለት አንገቴን ደፍቼ እንደተቀመጥኩ ጋሼ ሽክ ብለው መጡ። «አይዞሽ» አሉኝ ኮታቸውን እየዳበሱ፣ «ቦርሳ መምረጥ ግን ታውቂበታለሽ። ሱፌ አንድ ቦታ እንኳ አልተጨማደደም።»